የመሪዋ መብራት ስንት ብር ታወጣለች?

ቢጫዋን ምልክት ሳያስመረምር የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ ደጃፍ፣ ብርማ ቀለም ያላት ቶዮታ ቪትስ ቆማለች። አራት ሰዎች ከበዋታል፤ ሻጩ፣ ሁለት ደላሎችና አጎቴ። አምስተኛው እኔ ነኝ። አጎቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ዋጋ የሚያስተምራቸው ሰው የለም። ስለ መኪና ግን ከመንዳት ያለፈ ነገር አያውቁም፤ አላውቅም ለማለትም አያፍሩም።

ቁልፉ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው። ከዳሽቦርዱ መሃል ካለው ሰዓት ላይ ግን አንዲት ቢጫ ምልክት በርታ ቀረች። በላቲን ፊደል "ፒ ኤስ" ትላለች።

"ይቺ ምንም አይደለችም ጋሼ" አለ ወጣቱ ደላላ ቀልጠፍ ብሎ። "የባትሪ ነገር ነው። ካስጠላዎትም ማጥፋት ይቻላል።" ሻጩም ቸርነታቸውን ለማሳየት "ለእሷ ብዬ 30 ሺህ ብር ቀንሻለሁ" አሉ። የአጎቴ እጅ ለቀብድ ወደ ኪሳቸው ሲያመራ አየሁት።

ለመሆኑ ያቺ መብራት ስንት ብር ታወጣለች? 30 ሺህ? ሦስት መቶ ብር? ወይስ ከመቶ ሺህ በላይ? በዚያች ሰዓት ከአምስታችን አንዳችንም አናውቅም ነበር። ምናልባት ሻጩ ያውቁ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ጉዳይም ይኸው ነው።

ጥያቄው ለምን ከበደ?

እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም በብር ሲታሰብ ተወደደ።

የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት አንድ ነው። አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትስ፣ ያሪስና ኮሮላ ከገበያ አትወጣም፤ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ሊብሬው ላይ ስም በተቀየረ ቁጥር የመኪናዋ ሕመምም አብሮ ይሸጣል። ከሕመሞቹ መካከል ገዢ የሚንቀው፣ ሻጭ የሚያቃልለው፣ ደላላ የሚያልፈው የመሪ ማገዣው፣ ማለትም የፓወር ስቲሪንጉ መብራት ነው። የሞተር መብራት ሲበራ ሁሉም ይደነግጣል። የመሪው ሲበራ ግን "መኪናዋ ትሄድ የለም እንዴ?" ይባላል። ትሄዳለች። ጥያቄው ወዴት ነው።

መብራቷ ምን ትላለች?

ፓወር ስቲሪንግ ማለት የሾፌሩን ክንድ የሚያግዝ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከዘይት ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት አንዲት ፖምፓ ያሽከረክራል፣ ፖምፓዋ ዘይት በኃይል ትገፋለች፣ ዘይቱ መሪውን ያቀላል። አሜሪካዊው ኢንጂነር ፍራንሲስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1926 ሠርቶ ያሳየውና ክራይስለር ኩባንያ በ1951 ለገበያ ያቀረበው ይህንን ዓይነቱን ነው። ሁለተኛው ከኤሌክትሪክ ነው። በመሪው ዘንግ ላይ የተገጠመ ሞተር አለ፤ ሾፌሩ መሪውን ምን ያህል እንደገፋው የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ሁለቱን የሚያዝ አነስተኛ ኮምፒውተር አለ። የጃፓኑ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሰርቮ በተባለች ትንሽ መኪናው ላይ ካዋለው ወዲህ ዛሬ የትናንሽ መኪኖች ሁሉ ወግ ሆኗል። ከተማችንን የሞላችው ቪትስም የዚህኛው ወገን ናት።

ልዩነቱ ለገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። በዘይት የሚሠራው አሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ የመሪ መብራት ጭራሽ የለውም። ሕመሙን የሚናገረው በሌላ ቋንቋ ነው፤ መሪው ይከብዳል፣ ሲጠመዘዝ ያቃስታል፣ መኪናዋ ካደረችበት ሥር ቀላ ያለ ዘይት ጠብ ብሎ ይገኛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን የሚፈስ ዘይት የለውም፤ ሕመሙን በኮምፒውተሩ ውስጥ በቁጥር ይመዘግብና መብራቷን ያበራል። መብራቷ እንግዲህ "ማገዝ አቁሜያለሁ፣ ወይም ላቆም ነው፤ ምክንያቱንም ጽፌ አስቀምጫለሁ" ማለቷ ነው። የተጻፈውን ሳያነብ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ደረሰኙን ሳያይ ሒሳብ እንደሚከፍል ይቆጠራል።

ርካሹና ውዱ

ወጣቱ ደላላ "የባትሪ ነገር ነው" ሲል ፈጽሞ አልዋሸም ይሆናል። የመሪው ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ዕቃ ነው። ባትሪው ከደከመ፣ የባትሪው ገመድ ማሰሪያ ከላላ ወይም ከዛገ፣ ዲናሞው በበቂ ካልሞላ ኮምፒውተሩ ማገዙን ያቆምና መብራቷን ያበራል። ጤነኛ ባትሪ መኪናዋ ቆማ ስትለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። የተቃጠለ ፊውዝ፣ ሞተር በውሃ ሲታጠብ እርጥበት የገባበት የሽቦ መጋጠሚያም ከዚሁ ተራ ይመደባሉ። እነዚህ ሁሉ በትንሽ ገንዘብ የሚያልቁ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሴንሰሩ፣ የመሪው ሞተር ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተበላሸ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን የመሪ ዘንግ መቀየር ይመጣል። አዲሱ በውጭ ምንዛሪ ነው። አሮጌው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ሲገኝም ከሌላ መኪና የተፈታ በመሆኑ ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። መግጠሙም ብቻውን አይበቃም። ሴንሰሩ "መሃል" የሚለውን ቦታ እንደገና እንዲማር በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። ይህ ካልተደረገ መሪው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ወይም መብራቷ እንደገና ልትበራ ትችላለች። ሁለት ጊዜ ዕቃ ገዝተው ሁለት ጊዜ ያልዳነላቸው ባለመኪኖች ብዙውን ጊዜ የዘለሉት ይህንኑ ነው።

ሎሚና ሎሚ ያልሆነ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። አሜሪካኖች ከገዙ በኋላ ጉድ የምታደርግ መኪናን "ሎሚ" ይሏታል። የምሁሩ ነጥብ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ሕመም ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። መካከለኛው ዋጋ ለበሽተኛዋ መኪና ባለቤት ሠርግ ነው፣ ለጤነኛዋ ባለቤት ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ የጤነኛዋ ባለቤት መኪናውን ይዞ ይቀመጣል፤ ገበያው በሎሚ ይሞላል። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ላገኙት የኖቤል ሽልማት ምክንያት ከሆኑት ሥራዎቻቸው ዋነኛው ነው።

ወደ ቪትሷ እንመለስ። የዳሽቦርድ መብራት በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን የእውቀት ልዩነት ከሚያጠቡ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። መኪናዋ ራሷ ስለራሷ የምትሰጠው ምስክርነት ነው። መብራቷን ሳይጠግን የሚያጠፋ ሰው እንግዲህ ምስክር አባረረ እንጂ መኪና አልጠገነም። ደላላውንም ቢሆን ይጎዳዋል። ዛሬ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ነገ ስሙን ያጣል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ከስም ሌላ ካፒታል የለም።

ስሌቱ

ለአጎቴ በካፌው ናፕኪን ላይ የጻፍኩላቸውን ስሌት ልድገመው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ይተካ። ቀላሉ ብልሽት 5 ሺህ ብር፣ ከባዱ 120 ሺህ ብር ያስወጣል እንበል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅን፣ ዕድሉንም እኩል ለእኩል ካደረግነው፣ የመብራቷ አማካይ ዋጋ 62 ሺህ 500 ብር ነው። ሻጩ የቀነሱት 30 ሺህ ነው። ገዢ ዓይኑን ጨፍኖ ከገባ በአማካይ 32 ሺህ 500 ብር ከስሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ምርመራው 3 ሺህ ብር ይፍጅ። ብልሽቱ ቀላሉ ሆኖ ከተገኘ ገዢው ቅናሹን ወስዶ፣ ጥገናውንና ምርመራውን ከፍሎ፣ 22 ሺህ ብር ያተርፋል። ከባዱ ከሆነ ደግሞ ወይ 120 ሺህ ይቀነስልኝ ይላል፣ ወይ 3 ሺህ ብሩን ከስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀብድ ካስያዙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ግን የመደራደሪያ ጉልበቱን ያጣል። አጎቴ ናፕኪኑን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ጨርቅ ሳትዳስስ አትግዛ ማለት ነው" አሉኝ። ያው ነው።

ቀብድ ከማስያዝ በፊት

አንደኛ፣ ሻጩ ሞተሩን አሙቀው እንዳይጠብቁዎ ይንገሯቸው። ቁልፉን ራስዎ ያዙሩ፤ ሞተሩን ሳያስነሱ በፊት ቆም ይበሉ። በዚህች ቅጽበት የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ለፍተሻ ሊበሩ ይገባል፤ የመሪዋም ጭምር። ሞተሩ ሲነሳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለባት። በርታ ከቀረች ብልሽት አለ። ከመጀመሪያው ጭራሽ ካልበራች ግን የበለጠ ይጠርጥሩ። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ተከፍቶ ምልክቷ ተሸፍናለች፣ ወይም ደግሞ የመኪናው መሪ በዘይት የሚሠራ ሆኖ መብራት የለውም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ መካኒኩ ይናገር።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ እንደቆመች መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። በሁለቱም ወገን እኩል ቀላል መሆን አለበት። የሚያቃስት፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም በአንድ በኩል የሚከብድ ከሆነ ይመዝገብ። ጥግ ላይ አጥብቀው አይቆዩ፤ በዘይት የሚሠራውን ፖምፓ ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ በኮምፒውተር ሲመረመር በምን መሣሪያ እንደሆነ ይጠይቁ። በእጅ የሚያዙት ርካሽ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት የሞተሩን ክፍል ብቻ ነው። የመሪው ብልሽት የሚመዘገበው በሌላ ክፍል ነው፤ ቁጥሩም በቶዮታ መኪኖች በላቲኑ "ሲ" ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ "ኮምፒውተር ላይ ምንም የለም" የሚል መልስ የመሪው ክፍል ካልተነበበ ዋጋ የለውም። የተነበበውም ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ ይነሳ።

አራተኛ፣ የተባለው ሁሉ ውሉ ላይ ይስፈር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። "ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያንብቧት።

መንገድ ላይ ቢበራስ?

ገበያውን ትተን ወደ አስፋልቱ እንውጣ። እየነዱ ሳለ መብራቷ ብትበራ መሪው አይቆለፍም። ከጎማው ጋር ያለው የብረት ግንኙነት እንዳለ ነው፤ የጠፋው እገዛው ብቻ ነው። አደጋው ሾፌሩ ሳያስበው መሪው በድንገት መክበዱ ላይ ነው። በፍጥነት ሲሄዱ ብዙም አይሰማ ይሆናል፤ አደባባይ ሲዞሩ፣ ወደ እንጦጦ ጠመዝማዛ ሲወጡ፣ ጠባብ ቦታ ሲያቆሙ ግን ክንድ ይፈትናል።

ስለዚህ በሁለት እጅ ይያዙ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ የአደጋ መብራት አብርተው ከመንገድ ዳር ይቁሙ። መኪናው እየሄደ ሞተር ማጥፋት ፈጽሞ አይገባም፤ የፍሬኑ እገዛ አብሮ ይሄዳል፣ ቁልፉ ከወጣም መሪው ይቆለፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው ቁልቁለት የሚለቁ ሰዎችም ይህንን ያስቡበት። ከቆሙ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሱ። መብራቷ ከጠፋች ቀስ ብለው ወደ ጋራዥ ይሂዱ፤ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርምና ነገሩን አይርሱት። መኪናው ሁለት ዓይነት ቀለም የሚያሳይ ከሆነ ቢጫው "ተጠንቅቀህ ሂድ"፣ ቀዩ "ቁም" ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የባትሪው መብራትና የሙቀቱ ምልክት ከመሪው መክበድ ጋር አብረው ከመጡ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ አይነዳም፤ ሞተሩን ያነዱታል። በተቃራኒው መርካቶ ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን ደጋግመው ሲያዞሩ ቆይተው ቢከብድ የግድ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የኤሌክትሪኩ ሞተር እንዳይግል እገዛውን ይቀንሳል፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ካረፈ ይመለሳል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙስ?

"እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፤ ይህ አይመለከተኝም" የሚሉ አንባብያን ይኖራሉ። ይመለከታቸዋል። እነዚህ መኪኖች ቺንጋ የሚያዞር ሞተር ስለሌላቸው መሪያቸው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ነው። ከትልቁ ባትሪ ሌላ አብዛኞቹ 12 ቮልት የሆነ ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲደክም ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ ሊጥለቀለቅ ይችላል፣ የመሪውም አብሮ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ደግሞ መልእክታቸውን በቻይንኛ ይጽፋሉ። ጽሑፉን ማንበብ ባይቻል ምልክቱን መለየት ይገባል፤ የመሪ ሥዕልና አጠገቡ ቃለ አጋኖ።

የአጎቴ ግዢ

አጎቴ የዚያን ቀን ቀብድ አላስያዙም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መኪኖች አስመረመርን። ብርማዋ ቪትስ የተመዘገበባት ብልሽት የኤሌክትሪክ ማነስ ብቻ ነበር፤ ዲናሞዋ በበቂ አይሞላም። ወጣቱ ደላላ በግምትም ቢሆን እውነቱን ተናግሮ ኖሯል።

ሁለተኛዋ የአንድ ጎረቤት ቪትስ ነበረች። ዳሽቦርዷ ንጹሕ ነው፣ አንድም መብራት አይታይባትም፣ ዋጋዋም ከብርማዋ ከፍ ያለ ነው። አጎቴ ቁልፉን ራሳቸው አዞሩና ጠበቁ። የሌሎቹ መብራቶች በሩ፤ የመሪዋ አልበራችም። ቪትስ በመሆኗ መብራት የለኝም ማለት አትችልም። ምርመራው የሴንሰር ብልሽት አወጣ። ምልክቷ ከኋላዋ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍና ነበር።

አጎቴ የምትበራዋን ገዙ። ዲናሞውን አሠሩ፤ መብራቷም በራሷ ጠፋች። አሁን ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አዙረው ትንሽ ይጠብቃሉ። ስትበራ ያዩዋታል፣ ስትጠፋ ያዩዋታል፣ ከዚያ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። ለምን እንደሚጠብቁ ልጃቸው ቢጠይቃቸው "ምስክሬ መኖሩን እያየሁ ነው" አሉት።